ፈንገስ ወደ ደም ሲገባ የደም ሥርን እንዴት ይጎዳል?

ሪያድ፣ ሙረባዕ — ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጭርትን፣ የእግር ጣት ማሳከክን ወይም በሕፃናት አፍ ላይ የሚታየውን ነጭ ሽፋን ነው። እነዚህ አስቸጋሪ ቢሆኑም በጤነኛ ሰው ላይ ወደ ደም አይዘልቁም። ፈንገሱ ወደ ደም ዝውውር ከገባ ግን ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2022 ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ዘርዝሮ ሲያወጣ፣ ካንዲዳ አልቢካንስንና ካንዲዳ አውሪስን በከፍተኛው የአሳሳቢነት ደረጃ አስቀምጧቸዋል።

መግቢያው በር

ካንዲዳ በብዙ ሰዎች አፍ፣ አንጀትና ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስ ነው። ወደ ደም የሚገባው መከላከያው ሲላላ ነው፦ በደም ሥር ውስጥ ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ቱቦ፣ በሆድ ቀዶ ሕክምና፣ በካንሰር መድኃኒት፣ ወይም ተፎካካሪ ባክቴሪያዎችን በሚያጠፋ የተራዘመ የአንቲባዮቲክ ሕክምና ምክንያት። ስለዚህም በብዛት የሚታየው በሆስፒታሎች የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው።

ሕዋሱን መውረር

የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። ይህ ስስ ሽፋን ደሙን ከሌላው አካል ይለያል፤ ደም ያለ ቦታው እንዳይረጋም ይጠብቃል። ፈንገሱ ኩላሊትን፣ ዓይንን፣ ልብን ወይም አንጎልን ለመውረር ይህን ሽፋን ማለፍ አለበት።

ካንዲዳ አልቢካንስ ከክብ እርሾነት ወደ ረጅም ክር መሰል ቅርጽ ይለወጣል። በክሩ ላይ ያለው አልስ-3 የተባለ ፕሮቲን በደም ሥር ሕዋስ ላይ ካለው ኤን-ካድሄሪን ጋር ይጣበቃል። ሕዋሱም በዚህ ተታሎ ፈንገሱን በራሱ ፈቃድ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክሩ በውስጡ ሲያድግ ሕዋሱ ይጎዳል፤ ግድግዳው ፈሳሽ ያሳልፋል፤ ብግነትና የደም መርጋትም ይከተላል።

ይህን ክር በቀላሉ የማያበቅሉ ሌሎች የካንዲዳ ዝርያዎች ደግሞ የታማሚውን ደም ራሱን መሣሪያ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኪኒኖጅንና ቪትሮኔክቲን የተባሉት የደም ፕሮቲኖች በፈንገሱ ላይ ተለጥፈው ከሰው የደም ሥር ሕዋስ ጋር እንደ ድልድይ ያገናኙታል። በአይጥ ሕዋሳት ላይ ግን ይህ ድልድይ አልሠራም። ስለዚህ በአይጥ ላይ የተገኘ ውጤት ሁሉ በሰው ላይም ይሠራል ማለት አይቻልም።

የስኳር በሽታና «ጥቁሩ ፈንገስ»

እ.ኤ.አ. በ2021 በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት በህንድ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘው ሙኮርማይኮሲስ የደም ሥርን ከሚያጠቁት መካከል እጅግ ኃይለኛው ነው። ስሙ ቢያሳስትም ጥቁር የሚሆነው ፈንገሱ አይደለም፤ ሥሮቹ በረጋ ደም ሲደፈኑ ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ይጠቁራል።

ከፍተኛ የደም ስኳር ለዚህ ፈንገስ መንገድ ይጠርጋል። ፈንገሱ ኮትኤች በተባለ ፕሮቲኑ የሚይዘው ጂ.አር.ፒ.78 የተባለ ተቀባይ በደም ሥር ሕዋሳት ላይ የሚበዛው ስኳር፣ ብረትና ኬቶን በደም ውስጥ ሲጨምሩ ነው። ይህን ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ2014 ያብራራው ጥናት ቀዳሚ ጸሐፊ ተክለጊዮርጊስ ገብረማርያም ነው።

በሳዑዲ ዐረቢያ

ካንዲዳ አውሪስ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ከአንዲት ታማሚ ጆሮ ተለይቶ ታወቀ፤ ከሳዑዲ ዐረቢያ የመጀመሪያው ሪፖርት ደግሞ በ2018 ታትሟል። ይህ ዝርያ ብዙ መድኃኒቶችን ይቋቋማል፤ በአልጋ፣ በበር እጀታና በሕክምና መሣሪያ ላይም ለሳምንታት ይቆያል። በሆስፒታል ጽዳት ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ሊያውቁት የሚገባው፣ በተለምዶ የሚሠራባቸው አንዳንድ የወለል ማጽጃዎች እንደማይገድሉትና ክሎሪን ያለበት ማጽጃ እንደሚመረጥ ነው። እጅን በአልኮል ማሸት ግን ይጠቅማል።

ምርመራና ጥንቃቄ

ሕመሙ የሚታወቀው ደም ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲበቅል ነው፤ ነገር ግን ይህ ምርመራ ከግማሽ ያህሉ ታማሚዎች ላይ ፈንገሱን ሳያገኘው ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሞች ምልክቱንና አጋላጭ ሁኔታውን አይተው ውጤቱን ሳይጠብቁ ሕክምና ሊጀምሩ ይችላሉ። ካንዲዳ ሲሆን በደም ሥር የሚሰጡ ኤኪኖካንዲን የተባሉ መድኃኒቶች ይቀድማሉ፤ የተበከለው ቱቦ ይነቀላል፤ ዓይንም ይመረመራል። መድኃኒቱ ደሙ ከፈንገስ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቢያንስ ለ14 ቀናት ይቀጥላል፤ ትኩሳቱ ስለበረደ ብቻ አይቋረጥም።

የስኳር ሕሙማን መድኃኒታቸውን ባያጓድሉ፣ ማንም ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ባይወስድ መልካም ነው። ቱቦ የተተከለለትን ሰው የሚያስታምም እጁን ሳይታጠብ ቱቦውን መንካት የለበትም። አንቲባዮቲክ እየወሰደ ትኩሳቱና ብርድ ብርድ ማለቱ ያልለቀቀው፣ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ ፊቱ ያበጠና ዕይታው የደበዘዘ ሰው ሳይዘገይ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ለምክር የጤና ሚኒስቴር 937፣ ለአምቡላንስ የቀይ ጨረቃ 997 ክፍት ናቸው።