ከቃለ መጠይቁ በኋላ፦ የንግድ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ምርጫ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል። ታላላቆቹ የአሜሪካ የንግድ ትምህርት ቤቶች ለኤምቢኤ ትምህርት ያመለከተን ሰው ካነጋገሩ በኋላ «ይግባ» ወይም «ይቅር» የሚሉት በምን ላይ ተመሥርተው ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1908 ነበር። አመልካቾች እየበዙ ሲሄዱ ከተለያዩ ኮሌጆች የሚመጣን ውጤት በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አስቸገረ፤ ስለዚህም ዛሬ ጂማት የምንለው ፈተና በ1954 መሰጠት ጀመረ። ቁጥሩ ለንጽጽር አመቺ ቢሆንም የአመልካቹን የአመራር ብቃትና ጠባይ አያሳይም። ይህን ክፍተት እንዲሞላ የተጠራው ቃለ መጠይቁ ነው። የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ኬሎግ በዲን ዶናልድ ጄኮብስ ዘመን (1975–2001) አመልካቾችን ፊት ለፊት ማነጋገርን መለያው አደረገ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ይሁንና ቃለ መጠይቅ ንጹሕ ታሪክ ያለው መሣሪያ አይደለም። ጄሮም ካራቤል በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በ1920ዎቹ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን ለመጀመሪያ ዲግሪ በሚቀበሏቸው ተማሪዎች መካከል የአይሁድ ቁጥር መጨመሩ አሳሰባቸው። ያን ጊዜ «ጠባይ» የሚለው መስፈርት ገነነ፤ ፎቶግራፍ፣ የምስክርነት ደብዳቤና ቃለ መጠይቅም አብረውት መጡ። ፈተናውን ያለፈው ወጣት «ጠባይ» በተባለው በር ላይ ይመለስ ጀመር።

ክፉ ሐሳብ በሌለበትም እንኳ የመራጭ ዓይን ይስታል። በ1979 የሂዩስተኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ምርጫውን ካጠናቀቀ በኋላ 50 ተጨማሪ ተማሪዎችን እንዲቀበል ታዘዘ። የገቡትም ከቃለ መጠይቁ በኋላ ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጣቸው ነበሩ። በ1987 የወጣው ጥናት በትምህርታቸውም ሆነ ከምረቃ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ የሥራ ዓመት ከቀዳሚዎቹ እንዳላነሱ አረጋገጠ። በ2013 የታተመና ከ9,000 የሚበልጡ የኤምቢኤ ቃለ መጠይቆችን የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ጠያቂው በዚያው ቀን ለቀደሙት አመልካቾች ከፍ ያለ ነጥብ ሰጥቶ ከሆነ ለተከታዩ እንደሚሰስት አሳየ። አመልካቹ ከማን ቀጥሎ እንደቀረበ ዕድሉን ነካው ማለት ነው።

ትምህርት ቤቶቹ ለዚህ ችግር የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። አንዳንዶቹ የጽሑፍ ማመልከቻው በጠያቂው ፍርድ ላይ ጥላ እንዳያጠላ የሥራ ልምድ መግለጫውን ብቻ ያሳዩታል። ሃርቫርድ በተቃራኒው ጠያቂው መዝገቡን አንብቦ እንዲገባ ያደርጋል፤ ከ2012 ጀምሮም አመልካቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ስለ ቃለ መጠይቁ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲልክ ይጠይቅ ነበር። ዋርተን በበኩሉ አመልካቾችን በቡድን አወያይቶ ይታዘባል።

ከዚያ በኋላ የጠያቂው ሪፖርት ከመዝገቡ ጋር ወደ ኮሚቴ ይመለሳል። ኮሚቴው የአንድን ሰው ብቃት ብቻ ሳይሆን የመላውን ክፍል ስብጥር፣ ማለትም የሙያውን፣ የአገሩንና የጾታውን ሚዛን፣ ይመለከታል። ስለዚህ «አልተመረጥህም» የሚለው ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «አትችልም» ማለት አይደለም፤ ቦታው ለሌላ ዓይነት ልምድ ተሰጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው። ከበላ ልበልሃ ሙግት ወግ እንደምናውቀው ርቱዕ አንደበት ከማስረጃ ቀድሞ ልብ ይማርካል። ቃለ መጠይቅ ምስክር ይሁን እንጂ ዳኛ አይሁን፤ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ነጥቡ ከውይይት በፊት ይጻፍ፤ ውሳኔውም ከአንድ ሰው በላይ ይሁን። ከእናንተ መካከል ብዙዎች ነገ በመራጩ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ያን ጊዜ ከፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ዕጣ እናንተ ቀድማችሁ በጻፋችሁት መስፈርት ላይ ይንጠለጠላል።