ወባና የፅንስ መጥፋት በወይና ደጋው

ከቦንጋ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው ማንኪራ በቡና መገኛነቱ ስሙ የገነነ ነው። ስለ ወባ ሲነሳ ግን ስሙን የሚያነሳ እምብዛም የለም። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከከፋ በስተሰሜን ሞቃታማው የጎጀብ ሸለቆ ይዘረጋል። በአገራችን ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች የሚታይ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው መካከለኛ ከፍታ በሽታው ዘወትር የማይጸናበት፣ በመጣ ጊዜ ግን የመከላከል አቅም ያልገነባ ሕዝብ የሚያገኝበት ስፍራ ነው። ይህ ሁኔታ በነፍሰ ጡሮች ላይ ለምን እንደሚከፋ ለመረዳት ሳይንስ ሰማንያ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

እ.ኤ.አ. በ1915 ኸርበርት ክላርክ የተባለ ሐኪም በፓናማ የወላዶችን እንግዴ ልጅ ደም ሲመረምር፣ በእናቲቱ የጣት ደም ውስጥ እምብዛም የማይታየው የወባ ጥገኛ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ተከማችቶ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1938 ጋርንሃም በኬንያ ያደረገው ጥናት ደግሞ በዚያው ስፍራ ከጥገኛው ጋር ነጭ የደም ሴሎችም በብዛት እንደሚሰበሰቡ አሳየ። ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ፣ እርግዝና ፅንሱን ላለመግፋት ሲል የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል የሚል ነበር። ማብራሪያው ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም፣ ወባ በጸናበት ቆላ የበኩር እርግዝና ከኋለኞቹ ይልቅ ለምን እንደሚጎዳ ሊመልስ አልቻለም።

መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ፍሪድና ደፊ በኬንያ ባደረጉት ምርምር፣ በፋልሲፓረም የተያዙ ቀይ የደም ሴሎች በእንግዴ ልጅ ላይ ከሚገኘው ኮንድሮይቲን ሰልፌት ኤ ጋር እንደሚጣበቁ አረጋገጡ። ለዚህ የሚያገለግለው ፕሮቲን ኋላ ቫር-2-ሲ-ኤስ-ኤ ተብሎ ተለይቷል። እንግዲህ ሴቲቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ያካበተችው መከላከያ አልጠፋም፤ ጥገኛው ከዚህ በፊት በሰውነቷ ውስጥ ያልነበረ መደበቂያ አግኝቷል። ለዚህ ዓይነቱ ጥገኛ የሚሆነው ፀረ እንግዳ አካል የሚዳብረው በተከታታይ እርግዝና ነው። እስከዚያው ግን በእንግዴ ልጁ የሚሰበሰቡት ነጭ የደም ሴሎች የሚያመነጩት ቲ-ኤን-ኤፍና መሰል ንጥረ ነገር ጥገኛውን ሲዋጋ ፅንሱንም ይጎዳል።

ወባ አልፎ አልፎ በሚመጣበት አገር ግን አምስተኛ ልጇን ያረገዘችውም ሴት እንደ በኩር አርጋዧ ናት፤ ከቀድሞ እርግዝናዋ ያገኘችው መከላከያ የለምና። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋና በወይና ደጋ የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በዚያ ዘመን የጠፋውን ፅንስ የቆጠረ የለም። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በተከታዩ ዓመት ነበር። በነፍሰ ጡሮች ላይ ያተኮረ ሰፊ ጥናት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ሲሆን፣ ወባ በጸናበት አንድ ቦታና በማይጸናባቸው ሦስት ቦታዎች የተደረገ ነበር። በእንግዴ ልጅ ውስጥ ጥገኛ የተገኘው በመጀመሪያው 6.5 በመቶ፣ በሌሎቹ 2.5 በመቶ በሆኑ ወላዶች ነው። ቁጥሩ ለወይና ደጋው የሚያጽናና ይመስላል። ነገር ግን በእነዚሁ ወባ በማይጸናባቸው ቦታዎች በእንግዴ ልጅ የተገኘ ወባ ሞቶ የሚወለድን ሕፃን አደጋ በሰባት እጥፍ ከፍ አድርጎ ተገኝቷል።

በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለነፍሰ ጡሮች በየጊዜው የሚሰጠው የመከላከያ መድኃኒት በኢትዮጵያ የተለመደ አይደለም፤ የሥርጭቱ ዝቅተኛነት ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ የወይና ደጋዋ ነፍሰ ጡር ያላት አጎበርና ፈጣን ምርመራ ብቻ ነው፤ ምርመራውም የጣት ደም በመሆኑ ክላርክ ያየው ችግር ዛሬም አብሮት አለ። ከጎጀብ ቆላ ወደ ቦንጋ የተመለሰች ነፍሰ ጡር ውጤቷ ነጻ ቢሆንም፣ ትኩሳቷ ካልበረደ ወይም የደም ማነሷ ከበረታ ምርመራው ሊደገምላት ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለተያዘችው ሴት ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የነበራቸው ምርጫ ኪኒን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን በዚህ ወቅትም እንዲሰጥ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።