የሰርቨር የርቀት መቆጣጠሪያ ካርድ

የሰርቨር የርቀት መቆጣጠሪያ ካርድ በሰርቨር ውስጥ የሚገኝ፣ የራሱ ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪና የኔትወርክ አድራሻ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ባለሙያው ሰርቨሩ ያለበት ቦታ ድረስ ሳይሄድ እንዲያበራው፣ እንዲያጠፋውና ብልሽቱን እንዲመለከት ያስችላል። የዴል ኩባንያ ምርት «አይድራክ»፣ የኤችፒኢ ደግሞ «አይኤልኦ» ይባላል። ቀድሞ ለብቻው ተገዝቶ የሚሰካ ካርድ ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ «ቢኤምሲ» የተባለ ቺፕ ቢሆንም በልማድ ካርድ መባሉ አልቀረም።

ሰርቨሩ ቢጠፋም የኤሌክትሪክ ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ካርዱ ትንሽ ኃይል ያገኛል። ስለዚህ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ተበላሽቶ አልነሳ ሲል እንኳ ካርዱ መልስ ይሰጣል። የሙቀት መጠንና የማራገቢያዎችን ፍጥነት ያሳያል፤ የሰርቨሩን ስክሪንና ኪቦርድ ወደ ባለሙያው ላፕቶፕ ያመጣል፤ ላፕቶፑ ላይ ያለን የመጫኛ ፋይል ሰርቨሩ ላይ እንደተሰካ ዲስክ አድርጎ ያቀርባል። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ከርቀት ለማየት ግን በብዙ ሞዴሎች ላይ ተጨማሪ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ ያገለገለ ሰርቨር የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ለምሳሌ ከጅማ በስተሰሜን በምትገኘው በቡናዋ በታወቀችው ሊሙ ገነት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሌሊት ቆመ እንበል። ካርድ ከሌለው ባለሙያው ከጅማ ተሳፍሮ መሄድ ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ደግሞ አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው። ሆኖም መብራት ጠፍቶ የዩፒኤሱ ባትሪ ካለቀ ካርዱም አብሮ ይጠፋል። ራውተሩ ከዩፒኤስ ጋር ካልተያያዘም ካርዱ እየሠራ ማንም ሊያገኘው አይችልም። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ እንዲነሳ በባዮስ ውስጥ ማስተካከል ይቻላል፤ ይህ ምንም ወጪ ስለማይጠይቅ ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ነው።

የተለያዩ ኩባንያዎች ሰርቨሮች በአንድ ዓይነት ትእዛዝ እንዲሠሩ ኢንቴል፣ ኤችፒ፣ ኤንኢሲና ዴል እ.ኤ.አ. በ1998 «አይፒኤምአይ» የተባለውን መስፈርት አወጡ። በ2004 የወጣው ሁለተኛው ስሪት ከባድ ድክመት አለበት፦ የተጠቃሚውን ስም ለሚያውቅ ሁሉ ከይለፍ ቃሉ የተሰላውን ኮድ ገና ማንነቱን ሳያረጋግጥ ይልካል፤ ደካማ የይለፍ ቃልም ከዚህ ኮድ ተነስቶ ሊገመት ይችላል። በ2015 የወጣው «ሬድፊሽ» ይህን መስፈርት ቀስ በቀስ እየተካ ነው። በ2017 ደግሞ በ«አይኤልኦ 4» ላይ «ኤ» የሚለውን ፊደል 29 ጊዜ ደጋግሞ በመላክ ብቻ ያለ ይለፍ ቃል መግባት የሚያስችል ስህተት ተገኝቶ በማሻሻያ ተስተካክሏል።

ካርዱን የያዘ ሰው ሰርቨሩ አጠገብ እንደቆመ ይቆጠራል። በዚህም ምክንያት ካርዱ በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም፤ በተለየ ኔትወርክ ላይ ሆኖ በቪፒኤን በኩል ብቻ ይደረስበታል፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃልም በመጀመሪያው ቀን ይቀየራል።