የቪዮኜ የወይን ጠጅ ታሪክ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ወሬና የገበሬዎቹ ሥራ

በፈረንሳይ አገር፣ ከሊዮን ከተማ በስተ ደቡብ፣ ሮን የተባለው ታላቅ ወንዝ በጠባብ ሸለቆ በሚወርድበት ስፍራ ኮንድሪዩ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማይቱ በላይ ባለው ቀጥ ያለ ኮረብታ ላይ የሚበቅለው የወይን ዐይነት ቪዮኜ ይባላል፤ ከርሱ የሚጠመቀውም ነጭ የወይን ጠጅ በከተማይቱ ስም ኮንድሪዩ ተብሎ ይጠራል። ይህ ወይን ዛሬ በአውስትራልያና በአሜሪካ ሳይቀር የሚተከል ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ዓመታት ግን ፈጽሞ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ሁለት ነው፤ ይኸውም ወይኑን ወደዚያ ኮረብታ ያመጣው ማን ነው? ከጥፋትስ ያዳነው ማን ነው? የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ፊተኛው ነው፤ እኛ ግን ክብደቱ በሁለተኛው ላይ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የአገሩ ሰዎች እንደሚያወሩት፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት ፕሮቡስ በ281 ዓ.ም. ከዳልማትያ፣ ማለት ዛሬ ክሮኤሽያ ከሚባለው አገር ጠረፍ፣ የወይን ቅርንጫፍ አስመጥቶ በኮንድሪዩ አስተከለ። ከዳልማትያም ውስጥ ቪስ የተባለችውን ደሴት ለይተው የሚጠሩ አሉ። ስለ ወይን ጠጅ የሚጽፉ ሰዎችም ይህንኑ ወሬ እየተቀባበሉ ጽፈውታል።

ወሬው ከምን እንደ ተነሣ ለማወቅ የጥንቱን ጸሐፊዎች መመልከት ያስፈልጋል። በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ኤውትሮፒዩስ ስለ ፕሮቡስ ሲጽፍ፣ ለጋሊያና ለፓኖንያ ሰዎች የወይን አትክልት እንዲኖራቸው ፈቀደ፤ በወታደሮቹም ጉልበት በትውልድ አገሩ በሲርሚዩም አጠገብ ያለውን የአልማን ተራራ ወይን አስተከለ ይላል። ስለ ኮንድሪዩ አንድ ቃል የለም፤ ከዳልማትያ ስለ መጣ ቅርንጫፍም የተጻፈ ነገር የለም። «ፈቀደ» የሚለው ቃል ከጊዜ ብዛት «አመጣ» ወደሚለው ተለወጠ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ደግሞ በ282 ዓ.ም. በገዛ ወታደሮቹ እጅ ተገደለ፤ ምክንያቱም በሰላም ጊዜ ረግረግ እያስቆፈረ እንደ ገበሬ ስላሠራቸው እንደ ሆነ ይነገራል።

ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። ከኮንድሪዩ ጥቂት ኪሎሜትር ወደ ሰሜን የምትገኘው የቪየን ከተማ በወይን ጠጅዋ የታወቀችው ከፕሮቡስ በፊት 200 ዓመት ያህል ቀድማ ነው። በ79 ዓ.ም. የሞተው ፕሊኒዩስ በተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ የቪየን አውራጃ ስለ ከበረበት ወይን ሲናገር፣ ጠጁ የዝፍት ጣዕም በራሱ እንዳለው ጽፏል። ስለዚህ ወይን ወደዚያ ሸለቆ ለመድረስ የፕሮቡስን ፈቃድ አልጠበቀም። ነገር ግን ይህን አይተው የፕሊኒዩስ ወይን ራሱ ቪዮኜ ነው ለማለት የሚቸኩሉ ሰዎችም አልተሳካላቸውም፤ ምክንያቱም ፕሊኒዩስ በዚያ አገር ሕዝብ በአሎብሮጋውያን ስም የሚጠራው ወይን ፍሬው ጥቁር መሆኑን በግልጥ ተናግሯል። ቪዮኜ ግን ነጭ ነው።

የሰው ልብ የሚወደውን ነገር ታላቅ አባት ይፈልግለታል። በእኛም አገር የፈረሰ ሕንጻ በተገኘ ቁጥር ያፈረሰው ዮዲት ወይም ግራኝ ነው እንደሚባል ሁሉ፣ በፈረንሳይ አሮጌ የወይን አትክልት በተገኘ ቁጥር የተከለው ሮማዊ ንጉሠ ነገሥት ይሆናል። የቪዮኜ ስም በጽሑፍ ተገኘ የሚባለው በ1781 የተፈጥሮ ሊቁ ፎዣ ደ ሴን ፎን በጻፈው ውስጥ ነው፤ በዚህና በፕሮቡስ መካከል 1500 ዓመት አለ።

ጥያቄው በመጽሐፍ ብቻ የሚያልቅ ስላልመሰለን ጠጁን ራሱን ለመመርመር ወሰንን። ስድስት ሆነን፣ አንድ መምህራችንም ተጨምሮ፣ ሁለት ጠርሙስ አገኘን፤ አንዱ ከኮንድሪዩ፣ ሁለተኛው በደቡብ ፈረንሳይ ካለው ከላንግዶክ ነበር። ስሙ እንዳያዳላን ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቀለልናቸው። በመጀመሪያ ከበረዶ ቤት እንደ ወጣ ስንቀምሰው ሽታው የተዘጋ ነበር፤ ጥቂት ሞቅ ሲል ግን ክፍሉን ሞላው። ቀለሙ ወደ ወርቅ ያደላል። ሽታው የበሰለ ኮክና አፕሪኮት፣ ከዚያም የአበባ ሽታ ነው፤ አበባው ምን ዐይነት እንደ ሆነ ግን ልንስማማ አልቻልንም። ከመካከላችን አንዱ «ይህስ ማር ገብቶበታል» ብሎ ተከራከረ። ጠጅ የለመደ አፍንጫ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፤ ዳሩ ግን በምላስ ላይ ሲያርፍ ጣፋጭነት የለውም፤ ደረቅ ነው። ኮምጣጣነቱ አነስተኛ፣ አልኮሉ ከፍ ያለ፣ ሰውነቱም ቅባት የነካው ይመስል ወፈር ያለ ነው። ከስድስታችን አራቱ ከኮንድሪዩ የመጣው ጠልቆ የሚቆይ ነው አሉ፤ ሁለቱ የላንግዶኩን መረጡ፤ መምህራችንም ፈገግ ብለው ፍርድ ሳይሰጡ ቀሩ።

ቅምሻ ስለ ፕሮቡስ የሚመሰክረው ነገር የለም። ስለ ገበሬው ኑሮ ግን ብዙ ይመሰክራል፤ አገባቡም እንዲህ ነው። የቪዮኜ ሽታ በፍሬው ውስጥ የሚገለጠው ወይኑ ፈጽሞ ሲበስል በመጨረሻው ሰዓት ነው። ገበሬው ቀድሞ ቢለቅም ጠጁ ምንም ሽታ የሌለው ይሆናል፤ ቢዘገይ ደግሞ ስኳሩ ይበዛል፤ ኮምጣጣነቱ ይወድቃል፤ ጠጁም ከብዶ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን ነው። በዚያ ላይ ተክሉ ምርቱ ትንሽ ነው፤ በአበባው ጊዜ ብርድ ወይም ዝናብ ካገኘው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፤ ዱቄት የሚመስለው ሻጋታም ያጠቃዋል። መሬቱም ቢሆን የግራኒት ድንጋይ የሆነ ገደል ነው። የላይኛው አፈር የአገሩ ሰዎች አርዜል የሚሉት ሚካ ያለበት የተፈረፈረ ግራኒት ሲሆን፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ ታች ይታጠባል። ይህንንም ለመከላከል በድንጋይ ካብ የተያዙ ጠባብ እርከኖች ተሠርተዋል፤ በዚያ ላይ በሬም ሆነ ትራክተር ሊገባ ስለማይችል ሥራው ሁሉ በሰው እጅ ነው። የኮንሶን እርከን ያየ አንባቢ ይህ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ይገምታል። እንግዲህ እኛ በብርጭቆ ውስጥ ያሸተትነው ሽታ የተገዛው በዚህ ድካምና በዚህ አደጋ ነው።

ወይኑ ሊጠፋ የደረሰበትም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። ከአሜሪካ የመጣው ፊሎክሴራ የተባለው ሥር መጣጭ ነፍሳት በ1863 በታችኛው ሮን ታየ፤ ከዚያም አብዛኛውን የፈረንሳይ ወይን አጠፋ። መድኃኒቱ ወይኑን በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መክተብ ነበር፤ ይህ ግን አዲስ ተከላ ማለት ስለ ሆነ ገደል ላይ ያለው ገበሬ አቅም አልነበረውም። ቀጥሎ ከ1914 እስከ 1918 የቆየው ጦርነት ካብ የሚክቡትን ወንዶች ወሰደ። ከዚያም የሊዮን አካባቢ ፋብሪካዎች በየወሩ ደመወዝ የሚከፍሉ ሆኑ፤ ሜዳው ላይ ያለው መሬትም በአትክልትና በፍራፍሬ የተሻለ ገቢ ሰጠ። እርከኖቹ እየተናዱ፣ ቁጥቋጦ እየወረሳቸው ሄዱ። በ1968 በተደረገው የፈረንሳይ የእርሻ ቆጠራ በአገሩ ሁሉ የተገኘው ቪዮኜ 14 ሄክታር ብቻ ነበር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ የአንድ ጋሻ ሲሶ ያህል ነው። አንድ ባለ ርስት እንኳ ሊይዘው የሚችለው መሬት የአንድን የወይን ዘር ዕድሜ ሁሉ ይዞ ነበር ማለት ነው።

መንግሥት የሠራው ነገር አልነበረም ለማለት አይደለም። ሻቶ ግሪዬ የተባለው የአንድ ቤተ ሰብ ርስት፣ ስፋቱ አራት ሄክታር የማይሞላ ሲሆን፣ በ1936 የትውልድ ስፍራ ስሙ በሕግ ተከበረለት፤ ኮንድሪዩም በ1940 ይህንኑ መብት አገኘ። ሕጉ ስሙን ሌላ ሰው እንዳይወስደው ከለከለ። ነገር ግን ሕግ ካብ አይክብም።

ካብ የካበው ዦርዥ ቬርኔ ነው። በ1926 ተወልዶ በ1953 የአባቱን እርሻ ሲረከብ ዕድሜው 27 ዓመት ነበር፤ የዕድሜ እኩዮቹ ወደ ፋብሪካ ሲወርዱ እርሱ ወደ ኮረብታው ወጣ። ኮቶ ደ ቬርኖን የተባለውን ገደላማ ቦታ አልምቶ፣ የተናዱትን እርከኖች አድሶ፣ ጎረቤቶቹ ዳግመኛ እንዲተክሉ ጎተጎተ፤ የኮንድሪዩን አምራቾች ማኅበርም ሠላሳ ዓመት ያህል መራ። ይህ ሰው በ2017 ሲሞት የኮንድሪዩ የወይን አትክልት ወደ 200 ሄክታር ተጠግቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ጠጪ የሌለው ጠጅ ጠማቂውን አያኖረውም፤ ስለ ቬርኔ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነገር በቸልታ የሚያልፉት ይመስለናል። ፌርናን ፗን የተባለው ዝነኛ ወጥ ቤት አዋቂ በቪየን ከተማ ላ ፒራሚድ የሚባል ምግብ ቤት ነበረው። እስከ ሞተበት እስከ 1955 ድረስ ከየአገሩ ለሚመጡት እንግዶች የጎረቤቱን ኮረብታ ጠጅ ያቀርብላቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ጠጁ ከአካባቢው ርቆ የማይሄድ ስለ ነበር፣ ኮንድሪዩ የሚባል ነገር መኖሩን ብዙ ሰው ያወቀው በዚያ ገበታ ላይ ነው። ጥቂት ሰዎች ጣዕሙን በልባቸው ይዘው ባይሄዱ ኖሮ፣ ገበሬው ለማን ብሎ ገደል ይቧጥጥ ነበር?

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ1980 ያሉምባ የተባለው የአውስትራልያ ድርጅት በኤደን ቫሊ 1.2 ሄክታር ተከለ፤ በካሊፎርኒያም በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ተከላ ተጀመረ፤ በ2011 የቨርጂኒያ የወይን ቦርድ ቪዮኜን የክፍለ ግዛቱ መለያ ወይን አድርጎ ሰየመው። በላንግዶክ ሜዳም በሰፊው ተተከለ፤ ሁለተኛው ጠርሙሳችን ከዚያ የመጣ ነው። ሜዳ ላይ በማሽን የሚመረተው ቪዮኜ ርካሽ መሆኑ ደግ ነው፤ ሁለቱን ያነጻጸረ ግን ገደሉ ለምን እንደ ተፈለገ ይገባዋል፤ ከጓደኞቻችን ሁለቱ ባይስማሙም።

የዘር ምርመራውን ወደ መጨረሻ ያስቀረነው የፕሮቡስን ወሬ ከሌላ በኩል ስለሚነካ ነው። በ1998 የካሊፎርኒያና የሞንፔሊየ ሊቃውንት በዲ.ኤን.ኤ. መርምረው፣ ሲራ የተባለው ታላቅ ጥቁር ወይን የዱሬዛና የሞንዶዝ ብላንሽ ልጅ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚህ ጋር ቪዮኜ ለዚሁ ለሞንዶዝ ብላንሽ ወይ ወላጅ ወይ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ እንግዲያውስ ለሲራ ወይ አያቱ ወይ በአንድ ወላጅ ወንድሙ ነው። በሰሜን ኢጣልያ ፒየሞንት ውስጥ ከሚበቅለው ከፍሬይዛም ጋር ዝምድና አለው። የቪስ ደሴት ወይን ግን ዘመዱ ሆኖ አልተገኘም። ወይኑ ከባሕር ማዶ በንጉሥ ትእዛዝ የመጣ ሳይሆን የዚያው የሮንና የአልፕስ ተራራዎች አካባቢ ተወላጅ ነው ማለት ነው። ኮት ሮቲ በተባለው በኮንድሪዩ ጎረቤት ኮረብታ ገበሬዎች ከጥንት ጀምረው ሲራን ከጥቂት ቪዮኜ ጋር በአንድነት ያፈላሉ፤ ነጩ ፍሬ የጥቁሩን ቀለም ያጸናዋል፤ ሽታውንም ያሳምረዋል። ሕጉ እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል። ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ሊቃውንቱ ሳይነግሯቸው በአንድ በርሜል አስቀመጧቸው። በአገራችንም ካስቴል የተባለው ኩባንያ ከ2007 ጀምሮ በዝዋይ አጠገብ ከተከላቸው የወይን ዐይነቶች አንዱ ሲራ ስለ ሆነ፣ የዚህ ቤተ ሰብ አንድ ቅርንጫፍ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሬ እየሰጠ ነው።

ከዚህ ቤተ ሰብ ውስጥ ያልታደለችው ሞንዶዝ ብላንሽ ናት። ለሲራ ወላጅ፣ ለቪዮኜ ወላጅ ወይም ልጅ የሆነችው ይህች ወይን ዛሬ የቀረችው በሳቮዋና በአቅራቢያው ባሉ ጥቂት ሄክታር መሬቶች ላይ ብቻ ነው፤ ጠጅዋንም የቀመሱ ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ናቸው።