ዕድርና ኑዛዜ

ዕድራችን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ይሰበሰባል። ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጎፋ ውስጥ ነው። መዋጮ የሚከፈለው፣ ለቅሶ የቀረ የሚቀጣው፣ የጠፋ ምንጣፍና የተበሳ ድስት የሚቆጠረው በዚሁ ዕለት ነው። እኔ በአባቴ እግር ተተክቼ መሄድ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ ያልተዋጠልኝ አንድ ነገር አለ፤ ያ ሁሉ ሰው ስለ ቀብር ሁለት ሰዓት ሙሉ ይነጋገራል፣ ስለ ሞት ግን አንድ ቃል የሚተነፍስ የለም። የሞከረ ቢኖርም «ክፉ አያሰማን» ተብሎ ይታለፋል።

ስለ ዕድር የጻፉ ምሁራን አጀማመሩን አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ጋር ያያይዙታል። ከየአገሩ የፈለሰው፣ በተለይም ከጉራጌ የመጣው ሰው፣ «ዘመድ በሌለበት ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ብሎ የመሠረተው ነው ይላሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ተስፋፋ የሚሉም አሉ። ከአብዮቱ በፊት በነበሩት ዓመታት አንዳንዱ ዕድር ከቀብር አልፎ መንገድ እስከ ማሠራት ደርሶ ነበር። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታውጆ ቀበሌ ሲመጣ ያ ሥራ ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ዕድርም ወደ ድንኳኑና ወደ ንፍሮው ተመለሰ። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ወጣቱን ሲቀጥፈው ግን፣ አንዳንድ ዕድሮች ከሟች አልፈው ለታማሚና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሰብ ጀመሩ። ሰው ሳይሞትም የዕድር ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ያኔ ታየ።

አባቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድርተኛ ነበር፤ አንድ ጊዜም አልተቀጣም። ሲታመም ሐኪሙ ለእኛ የነገረንን እኛ ለእሱ አልነገርነውም፤ እንደ ወጉ ደበቅነው። እሱ ግን ሳያውቅ አልቀረም። አንድ ማታ አክስቴንና አንድ ጎረቤት አስጠርቶ፣ «ቤቱ ለትልቋ ልጄ ይሁን፤ ያስታመመችኝ እሷ ናት» አላቸው። ሁለት ሰው ሰማ፤ በቃ፣ ኑዛዜ ነው አልን።

ኑዛዜ የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ፊት አለው። ለነፍስ አባት ኃጢአትን መናገርም ኑዛዜ ነው፣ ንብረትን ለወራሽ ማሳወቅም ኑዛዜ ነው። በድሮው ልማድ ሁለቱም በአንድ አልጋ አጠገብ፣ ነፍስ አባትና ሽማግሌ ባሉበት ይፈጸሙ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ነገሩን በሦስት ከፈለው። በግልጽ የሚደረገው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ በራስ እጅ የሚጻፈው ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ አለበት፤ የቃሉ ደግሞ ሁለት ምስክር ይበቃዋል። ይሁን እንጂ በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዐት፣ ስለ ልጆች ሞግዚትነትና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቤትማ ያኔም በዚህ አይተላለፍም ነበር።

ይህን ያወቅነው ዐርባው ካለፈ በኋላ ነው። ወንድሜ «ሕጉ እኩል ይላል» አለ፤ አልዋሸም። እህቴ «የአባቴ ቃል» አለች፤ እሷም አልዋሸችም። ዛሬ ሁለቱ የሚገናኙት ሰው ሲሞት፣ በዚያው ዕድር ድንኳን ውስጥ ነው። ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ።

በ2004 እ.ኤ.አ. በርናር ክሬታ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ምሁር ሰዎች ካፌ ቁጭ ብለው ስለ ሞት እንዲያወሩ «ካፌ ሞርቴል» ያለውን ስብሰባ ጀመረ። በ2011 ደግሞ ጆን አንደርውድ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ ቀጠለው፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገር ተዛመተ። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ። ቡናው ከእኛ፣ ስብሰባው ከእኛ፣ ወንበሩም ከእኛ! የቀረን ወሬው ብቻ ነው።

ባለፈው ስብሰባ ድፍረት አግኝቼ እጄን አወጣሁ። «የሕግ ሰው ጠርተን ኑዛዜ እንዴት እንደሚጻፍ ለምን አንሰማም? ታማሚስ እውነቱ ይነገረኝ ቢል ምን እናድርግ?» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ አዛውንት «አንተ ልጅ፣ ሟርት ነው የያዝከው?» አሉኝ። ዳኛችን ግን ጸሐፊውን «መዝግበው» አሉት፤ ከድንኳን ብረት ግዢ ቀጥሎ ሰባተኛ አጀንዳ ሆነ፤ ሳይደረስበትም ሰዓት አለቀ።

ስወጣ እኒያው አዛውንት በሩ ላይ ጠበቁኝ። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው፣ «አራት ምስክር ነው ያልከው? ዘመድ ቢሆንስ ይሆናል?» አሉኝ።