ቁራጭ፦ ቶክን በአማርኛ

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን የሚያከራዩ ኩባንያዎች ሒሳብ የሚቆጥሩት በገጽ ወይም በቃል አይደለም፤ በቶክን ነው። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊያነበው የሚችለው ጽሑፍ ርዝመትም የሚለካው በዚሁ ነው። ቶክን ማለት ጽሑፍ ወደ ሞዴሉ ከመግባቱ በፊት የሚከፋፈልበት ክፍል ነው፤ አንዳንዴ ሙሉ ቃል፣ አንዳንዴ የቃል ግማሽ፣ አንዳንዴም ከአንድ ፊደል ያነሰ ይሆናል። እያንዳንዱ ቶክን የራሱ ቁጥር አለው፤ ሞዴሉ የሚያየው ፊደሉን ሳይሆን ቁጥሩን ነው።

በአማርኛ «ቁራጭ» ብንለው ይሻላል። «ቅንጣት» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ቅንጣት ከዚያ ወዲያ የማይከፈል ነገር ይመስላል፣ ቶክን ደግሞ ይከፈላል። «ምዕላድ»ን የሰዋስው ሰዎች ትርጉም ላለው ትንሹ የቃል ክፍል ይዘውታል፤ ቶክን ትርጉም ኖረው አልኖረው ግድ የለውም። ቁራጭ ሲባል ግን የቆረጠው እንዳለ ይታወቃል። ቶክናይዘር የሚባለው ፕሮግራም «ቆራጭ»፣ ሥራው «ቆረጣ» ይሆናል። ትኬት ቆራጭን ያስታውሳል የሚል ካለ ያስታውሰው፤ ሁለቱም ሳያዩህ አትሳፈርም።

ቆራጩ የት ላይ እንደሚቆርጥ የሚወስነው ሰዋስው ሳይሆን ድግግሞሽ ነው። በሰፊው የሚሠራበትን ዘዴ ፊሊፕ ጌጅ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ፋይል ለማሳነስ ነበር፤ በ2016 በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሴንሪክ፣ ሃዶውና በርች ለማሽን ትርጉም አዋሉት። አሠራሩ ቀላል ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ ይበታተናል፤ ጎን ለጎን አብዝተው የሚገኙት ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ እንደገና ይቆጠራል፣ እንደገና ይጣበቃል። በ2019 የወጣው የጂፒቲ-2 ሞዴል ቆራጭ ከ256 ነጠላ ባይቶች፣ ኮምፒውተር ጽሑፍን ከሚያስቀምጥባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ተነሥቶ 50,000 ጊዜ አጣብቋል፤ የጽሑፍ መጨረሻን የሚያሳየው አንድ ምልክት ሲጨመር 50,257 ቁራጮች ነበሩት።

የሚጣበቀው በብዛት የታየው ነው። የማሠልጠኛው ጽሑፍ በብዛት እንግሊዝኛ ከሆነ፣ የእንግሊዝኛ ቃላት ሙሉ ቁራጭ ሆነው ይወጣሉ፤ አማርኛ ባይት እንደሆነ ይቀራል። «አልመጣችም»ን እንይ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስድስት ፊደል 18 ባይት ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ሺ ዲድ ኖት ከም» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ክፍተቱን ጨምሮ 16 ባይት ነው። ልዩነቱ ይኸው ሁለት ባይት ነው! ከተቆረጡ በኋላ ግን እንግሊዝኛው አራት ቁራጭ ሲሆን፣ አማርኛን ያላጣበቀ ቆራጭ ጋ የኛው እስከ 18 ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጥፋቱን በፊደላችን ላይ መደፍደፍ ልክ አይደለም። ደግሞ አሉታውን የሚናገሩት ከፊት ያለው «አል» እና ከኋላ ያለው «ም» ናቸው፤ ፊደሉን ራሱን ሰንጥቆ የሚያልፍ ቆራጭ እነዚህን ለይቶ አያወጣም።

የቁራጭ መብዛት ክፍያ ያበዛል፣ መልሱን ያዘገያል፣ ሞዴሉ ከሚይዘው ጽሑፍም ላይ ይቀንሳል። በ2023 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ በተለያዩ ቋንቋዎች አስቆርጠው እስከ 15 እጥፍ የሚደርስ ልዩነት አግኝተዋል።

እኛም የምንጨምረው አለ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለቆራጩ ግን ባይታቸው ስለሚለያይ ሌላ ሌላ ናቸው። ብዙ ፕሮግራመሮች ከቆረጣው በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ ይመልሳሉ። ለፍለጋ ይጠቅማል። ግዕዝ በተቀላቀለበት ጽሑፍ ግን «ሠረቀ»፣ ወጣ፣ እና «ሰረቀ»፣ ሌባው የሚያደርገው፣ አንድ ሆነው ያርፋሉ። እኔ ለፍለጋ እንጂ ለማሠልጠኛ ባይደረግ እመርጣለሁ።

በ2024 ኦፕንኤአይ 200,000 ያህል ቁራጮች ያሉትን አዲስ ቆራጭ ከጂፒቲ-4ኦ ጋር ሲያወጣ፣ የጉጅራቲ ጽሑፍ ቁራጭ በ4.4 እጥፍ ማነሱን አሳይቷል። ለማሳያ ከቀረቡት 20 ቋንቋዎች መካከል አማርኛ አልነበረም። በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ የራስን ቆራጭ ማሠልጠን ከባድ አይደለም፤ ተራ ኮምፒውተር ይበቃዋል። የሚከብደው ከተሠራ ሞዴል ጋር ማገናኘቱ ነው፤ ሞዴሉ የተማረው የቀድሞዎቹን ቁራጮች ቁጥር ስለሆነ፣ ለአዲሶቹ እንደገና መሠልጠን አለበት።