የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ጥገና እና የባለጉዳዮች ሰነድ

ከማንኩሳ አዲስ አበባ ድረስ ላለመመላለስ የትምህርት ማስረጃውንና የመታወቂያውን ቅጂ በኢሜይል የሚልክ ባለጉዳይ ሰነዱን ለተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሰርቨር በአደራ ይሰጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነትን በያዘው ተቋም ላይ ይጥላል። ሶፍትዌሩ ያረጀ ከሆነ ግን አደራው ለአደጋ ይጋለጣል።

ለአብነት፣ ኢሜይልን በብራውዘር ለመክፈት በሚያገለግለው ራውንድኪዩብ ውስጥ ለ10 ዓመታት ያህል ሳይታወቅ የቆየ ክፍተት የተደፈነው ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በወጡት 1.6.11 እና 1.5.10 ስሪቶች ነው። የአንድ ተጠቃሚን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው በዚህ ክፍተት ሰርቨሩን ሊያዝዝ ይችል ነበር። ክፍተቱን መድፈን ብቻውንም አይበቃም፤ አስቀድሞ የገባ ሰው ካለ ማሻሻያው አያስወጣውም። ስለሆነም የመግቢያ መዝገቦች ይመረመራሉ፣ የይለፍ ቃሎችም ይቀየራሉ።

በጥገና ወቅት ሰርቨሩ ቢዘጋ የላኩት መልእክት ወዲያው አይጠፋም። የላኪው ሰርቨር ከ4 እስከ 5 ቀናት ደጋግሞ እንዲሞክር በኢሜይል አሠራር ደንብ ይመከራል፤ አንዳንዶቹ ግን ቀድመው ያቆማሉ። መልእክትዎ እንዳልደረሰ የሚገልጽ ምላሽ ከመጣ ወይም የማመልከቻው ቀነ ገደብ ከተቃረበ፣ ሰነዱን በአካል አቅርበው የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ።